«ይነቀል» ከመባሉ በፊት ምን ተመረመረ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጥርሱን ያመመው ሰው የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም «ይነቀል» ካለው ሳያንገራግር ያስነቅል የሚለው የተለመደ ምክር ሁልጊዜ አያዋጣም። የተነቀለ ጥርስ አይመለስምና መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

የጥርስ ሕመም አድራሻው አይታመንም። የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ነርቭ ሲቆጣ ሕመሙ ጆሮ ላይ ወይም በዚያው ወገን ባለ የላይኛው ጥርስ ላይ ሊሰማ ይችላል። የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ሥር ደግሞ ከሳይነስ (ከአፍንጫው ጎን አጥንት ውስጥ ካለው የአየር ክፍተት) ጋር ይጎራበታል፤ ሳይነስ ሲቆጣ ሁለት ሦስት ጥርስ በአንዴ ያማል፣ ጎንበስ ሲሉም ይብሳል። ይህ ሕመም ጥርስ ቢነቀልም አይለቅም። በሽተኛው በጣቱ ያሳየውን ብቻ አይቶ ማደንዘዣ መውጋት እንግዲህ የት እንደሚያደርስ ግልጽ ነው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። በጨርቅ የተያዘች ቁራጭ በረዶ መጀመሪያ ጤነኛው ጎረቤት ጥርስ ላይ፣ ቀጥሎ የተጠረጠረው ላይ ትደረጋለች። በረዶው እንደተነሣ የሚጠፋ ሕመም ነርቩ ገና ሊድን እንደሚችል ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ ማስሞላት ይበቃዋል። ከ30 ሴኮንድ በላይ የሚቆይ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ነርቩ አይመለስም። ጭራሽ ቅዝቃዜው ካልተሰማው ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጥርሱ በጥርስ መመርመሪያው መስታወት እጀታ ቀስ ተብሎ ይመታል። ንክሻውን ሲለቁ የሚወጋ ከሆነ ስንጥቅ ይጠረጠራል። ራጁ የሥሩን ጫፍ ማሳየት አለበት፤ ሆኖም አጥንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ማዕድኑን ካላጣ የጉዳቱ ጥላ ላይታይ ስለሚችል፣ ንጹሕ ራጅ ብቻውን ዋስትና አይደለም።

ነርቩ ሞተ ማለትም ጥርሱ አበቃለት ማለት አይደለም። የነርቭ ሕክምና (ሩት ካናል) ተሠርቶለት በክራውን (በሰው ሠራሽ የጥርስ ሽፋን) የተሸፈነ መንጋጋ ጥርስ ለዓመታት ያኝካል። ዋጋው ከማስነቀል ይበልጣል፣ ምልልስም አለው። አቅም የሌለው ሰው ማስነቀሉ አያስነቅፍም፤ ግን ሌላ መንገድ እንዳለ ይነገረው። ሥሩ ቁልቁል ከተሰነጠቀ፣ መቦርቦሩ ከአጥንቱ በታች ከወረደ ወይም ደጋፊ አጥንቱ አልቆ ጥርሱ ከተወዛወዘ ቀዶ ሐኪሙ ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐኪም መቀያየር ገንዘብ መጨረስ ነው።

እብጠትና ትኩሳት ለሌለው የተቆጣ ነርቭ አሞክሲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ማዘዝም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሕመሙን አያስታግስም። የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የአስም ችግር ለሌለበት፣ ደም ማቅጠኛ ለማይወስድና ነፍሰ ጡር ላልሆነች አዋቂ፣ ከምግብ በኋላ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ጋር ይሻላል። ፓራሲታሞሉ በ24 ሰዓት ከ4000 ሚሊግራም አይለፍ። ነጭ ሽንኩርት መጎስጎስ ግን ድድ ያቃጥላል፤ ከሕመሙ ላይ ቁስል ይጨምራል።

አገጭ ሥር እብጠት፣ አፍ መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ ትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ሁለተኛ አስተያየት ፍለጋ አይኬድም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ሌላው ታካሚ ራጁን ተቀብሎ የነርቭ ሕክምና የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ያሳይ፤ «ይተርፋል ወይ?» የሚለውን በደንብ የሚመልሰው እሱ ነው።

አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ