ከላም ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ድሮው የአየርላንድ ገጠር ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ገበሬው ከላሞቹ ጋር በአንድ ቤት ያድር እንደነበር አነሳችሁና ነገሩን በድህነትና በኋላ ቀርነት ዘጋችሁት። እኔ በዚህ አልስማማም።

ድህነቱ እውነት ነው፣ ማን ይክደዋል። ግን በሜዮና በዶኔጎል፣ በአየርላንድ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ባሉት አውራጃዎች፣ የነበሩት እነዚያ ቤቶች የታሰበባቸው ነበሩ። ቤቱ ረዘም ይላል፣ ወለሉ ወደ አንድ ጫፍ ዘቅዘቅ ያለ ነው። ሰው ከላይ እሳቱ ዳር፣ ላሞቹ ከታች፣ መሀል ላይ ደግሞ ሽንቱን የሚያወጣ ቦይ። አዛባው ተጠርጎ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። የላሞቹ ሙቀት ለቤተሰቡ ይተርፋል፣ እነሱም ከዝናቡና ከንፋሱ ይድናሉ። ላም እሳቱን እያየች ካልሆነ ወተት አትሰጥም የሚሉም ነበሩ።

ሲሞቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። በፈረንጆቹ ሜይ መግቢያ ላይ ከብቶቹ ወደ ተራራው ግጦሽ ይወጣሉ፤ ታች ያለው ማሳ በደንብ ስላልታጠረ ሰብሉ የሚተርፈው እንደዚያ ሲሆን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ አብረው የሚወጡት ወጣት ሴቶች ናቸው። ትንንሽ ጎጆ ቀልሰው እዚያው ያልባሉ፣ ቅቤ ይንጣሉ፣ እስከ ኖቬምበር መባቻ ገደማ ይቆያሉ። ይህን ሁሉ የሚችል ሰው እንዴት ኋላ ቀር ይባላል?

የአየርላንዶቹን ቅድስት፣ የብሪጅትን ጨርቅስ? በዓሏ በሚውልበት በፌብሩዋሪ 1 ዋዜማ ሌሊቱን ደጅ ያሳድሩትና ይቀመጣል፣ ላሟ ምጥ ሲጠናባት ጀርባዋ ላይ ጣል ያደርጉታል። አጉል እምነት በሉት ካላችሁ በሉት። እኔ የሚታየኝ ግን ላሟን በጭንቋ ሰዓት ብቻዋን ያልተዋት ሰው ነው።

ደግሞ ይህ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 ከ50,000 በላይ የአየርላንድ ተማሪዎች ከወላጆቻቸውና ከጎረቤት ሽማግሌዎች እየጠየቁ በደብተር ጽፈውታል። ከተሰጧቸው ርዕሶች አንዱ የቤት እንስሳት አያያዝ ነበር። የላሞቹን ስም፣ በረቱ እንዴት እንደሆነ፣ ዶሮ በ«ቹክ ቹክ»፣ ጥጃ በ«ሰክ ሰክ» እንደሚጠራ ሁሉ አለበት። እንዲህ ያለ ነገር የሚመዘግብ ልጅ ከብቱን በደንብ የሚያውቅ ቤት ውስጥ ያደገ ነው።

ደብተሮቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባሉ። እባካችሁ ዘጋቢያችሁ ጊዜ ወስዶ ያንብባቸውና በጉዳዩ ላይ ሌላ ጽሑፍ አውጡልን።

አንባቢያችሁ