አባባ፣ ባዶ ቤት ብቻዎን አይግቡ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከማያውቁት ሰው ጋር፣ በሰውየው መኪና፣ አመሻሽ ላይ አዘዞ ድረስ ቤት ለማሳየት መሄድዎን ከሰማሁ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። በስልክ ባነሣው «ምን ያስፈራል» ብለው ወሬ ይቀይሩብኛል። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

እኔን ያስተማሩኝ በድለላ ኮሚሽን ነው። ሥራውን ይተዉ አልልም። ግን ድሮ ቤት ፈላጊ የሚመጣልዎት በዘመድ ወይም በጎረቤት በኩል ነበር። ዛሬ የሚደውልልዎት ቁጥርዎን ከቴሌግራም ያገኘ ሰው ነው። የእገታውን ነገር ደግሞ እዚያው ስላሉ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አንድ ነገር ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1986 ለንደን ውስጥ ሱዚ ላምፕሉ የምትባል የ25 ዓመት የቤት አሻሻጭ ከቢሮ እንደወጣች ቀረች። በቀጠሮ ደብተሯ ላይ ሰዓቱን፣ የቤቱን አድራሻና የደንበኛውን ስም ጽፋለች። ስሙ «ሚስተር ኪፐር» ይላል። ሰውየው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ አስከሬኗም አልተገኘም። ወላጆቿ በዚያው ዓመት፣ ሰው ሥራ ላይ ራሱን እንዲጠብቅ የሚያስተምር ድርጅት በስሟ አቋቋሙ።

አዩ አባባ፣ ስም ብቻ ምንም አያደርግም። አዲስ ደንበኛን መጀመሪያ ፒያሳ ሰው የበዛበት ካፌ ያግኙት። ሻይ እየጠጣችሁ መታወቂያ ይጠይቁት፤ ፋይዳም ይሁን የቀበሌ። ፎቶ አንሥተው ለእኔ ይላኩልኝ። ቅን ሰው በዚህ አይቀየምም። እምቢ ካለ ይቅርብን።

ቤቱ ጋ ሲደርሱ የግቢውን በር ወለል አድርገው ይክፈቱት። ጎረቤት ሰላም ይበሉ፣ መግባታችሁን ሰው ይይ። ከዚያ ደንበኛውን «ይግቡ» ብለው ያስቀድሙት። እንግዳ ማስቀደም መቼም ልማድዎ ነው። ጓዳውንም ሽንት ቤቱንም ራሱ ዞሮ ይየው፤ እርስዎ ከበሩ አይራቁ። ቀብድ በእጅዎ አይቀበሉ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ይግባ። ከ11 ሰዓት በኋላ ቤት ማሳየት ይቅር።

የሚያሰጋ ነገር ካዩ ደውለው «የእናትሽ መድኃኒት አልቋል» ይበሉኝ። ወዲያው ይገባኛል፤ ሰው እልካለሁ።

የአክስቴን ልጅ አነጋግሬዋለሁ። ቅዳሜ ማራኪ ሰፈር ወዳለው ቤት በባጃጁ እሱ ይወስድዎታል፤ እስክትጨርሱም በር ላይ ይጠብቃል። የነዳጁን እኔ እልክለታለሁ።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ