ጣሪያ ላይ ማውስ አይሠራም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የወጣውን፣ የዋይፋይ መቆራረጥን በስፔክትረም መፈተሻ ሶፍትዌር (በአየር ላይ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ በስክሪን በሚያሳይ ፕሮግራም) እንዴት ማጣራት እንደሚቻል የሚያስረዳውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ሞገድ፣ ስለ ቻናልና ስለ አንቴና የሰጡት ማብራሪያ እንከን የሚወጣለት አይደለም። ቅር ያሰኘኝ ነገር ቢኖር፣ ሶፍትዌሩን በኪቦርድ የማዘዝን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም ጊዜ የተረፈው ሰው ሊያጠናው የሚችል ትርፍ ነገር አስመስለው ማለፋቸው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ለሆቴሎች፣ ለመጋዘኖችና ለትምህርት ቤቶች ዋይፋይ በመትከልና በመጠገን የምተዳደር እንደመሆኔ፣ ነገሩ ጠረጴዛ ላይ ሲታይና ጣሪያ ላይ ሲታይ አንድ አለመሆኑን መመስከር እችላለሁ።

ባለፈው ግንቦት ከዚራ አካባቢ ወዳለ አንድ ሆቴል ተጠርቼ ሄጄ ነበር። እንግዶቹ የሚያማርሩት ኢንተርኔቱ በምሳ ሰዓት እየጠፋባቸው ሲሆን፣ ባለቤቱ ደግሞ ጥፋተኛው በአቅራቢያቸው የቆመው የሞባይል ማማ ነው ብለው ቆርጠው ጠበቁኝ። ምግብ ቤቱም ዋይፋዩን የሚያሠራጨው ዕቃም ከላይ ስለነበሩ፣ በዚያ ፀሐይ ላፕቶፔንና የአቅጣጫ አንቴናዬን ይዤ ወጣሁ። በግንቦት ቀትር ድሬዳዋ ጣሪያ ላይ ላፕቶፕ የከፈተ ሰው ስክሪኑ መስታወት ሆኖ የራሱን ፊት ብቻ እንደሚያሳየው ያውቃል፤ ስለዚህ ረዳቴ ጋቢ ጣለብኝና ከነላፕቶፑ ተሸፋፍኜ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጄ አንቴናውን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ ግራ እጄ ታችፓዱ ላይ ነው፣ ከግንባሬ የሚንጠባጠበው ላብ ደግሞ ለታችፓዱ እንደ ሌላ ጣት ይቆጠርለታል። ጥቂት እንደጠበቅን በፏፏቴው ላይ፣ ማለትም የሞገዱ ኃይል በየቅጽበቱ በቀለም እየተጻፈ ወደ ታች በሚወርድበት መስኮት ላይ፣ በ2450 ሜጋኸርዝ ዙሪያ፣ ዋይፋዩ በሚሠራበት ክልል ውስጥ፣ ሰፊ ቀይ ግርፍ ወጣ። ምስሉን ለማቆም ጠቋሚዋን ወደ ማቆሚያው ምልክት ስነዳት በላቡ ተንሸራታ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሸሸች፤ መልሼ እስካመጣት ግርፉ ወርዶ አለቀ። ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» የሚለው የድሬ ልጅ ረዳቴ «አቦ፣ ስፔስን ንካው እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ በዚያ ሶፍትዌር ስፔስ ምስሉን ባለበት ያቆመዋል። በሁለተኛው ጊዜ አውራ ጣቴን ስፔስ ላይ አሳርፌ ጠበቅሁና ያዝኩት።

ግርፉ የኩሽናው ማይክሮዌቭ ነበር። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ የተለመደው የማይክሮዌቭ ምድጃ በእያንዳንዱ 20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ግማሹን ያህል ሞገድ ያወጣል፣ ግማሹን ያርፋል፤ በፍጥነት የሚቀዳ መሣሪያም ይህን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አድርጎ ያሳየዋል። ባለቤቱን ለማሳመን ግን ማማውንም ማሳየት ነበረብኝ። ከላፕቶፑ ጋር አያይዤ የምጠቀምበት ሀክአርኤፍ ዋን የተባለው የሞገድ መቀበያ ከ1 ሜጋኸርዝ እስከ 6 ጊጋኸርዝ ስለሚያይ፣ 950 ጽፌ ኢንተር ስጫን የማማው ሞገድ ከዋይፋያቸው 1500 ሜጋኸርዝ ያህል ርቆ መቀመጡን በዓይናቸው አዩ። (በነገራችን ላይ በርካሽ የሚገኙት የቴሌቪዥን መቀበያ ዩኤስቢዎች ከ1.7 ጊጋኸርዝ ብዙም ስለማያልፉ ዋይፋይን ጨርሶ አያዩም፤ ይህንንም የዓምዱ ጸሐፊ ቢጠቅሱት መልካም ነበር።)

በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትልቁን የስፔክትረም መለኪያ ያየ ሰው፣ ፊቱ ላይ ለፍሪኩዌንሲ፣ ለስፋትና ለኃይል መጠን የተለዩ ሦስት ቁልፎች ከቁጥር መጻፊያ ጋር እንዳሉት ያስታውሳል። መሐንዲሶቹ እንዲህ ያደረጉት ባለሙያው ዓይኑን ከመስመሩ ሳይነቅል እጁ ራሱ ቦታውን እንዲያውቅ ነው። ጥሩ ሶፍትዌርም ይህንኑ ይወርሳል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ከቻናል 1 እስከ 13 ያሉት የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ የቀስቱን እርምጃ 5 ላይ ያደረገ ሰው ቀኙን ቀስት በተጫነ ቁጥር አንድ ቻናል ይራመዳል፤ ከ2412፣ ማለትም ከቻናል 1፣ ተነሥቶ በአምስት ጭነት 2437 ላይ፣ ማለትም ቻናል 6 ላይ፣ በሌላ አምስት ደግሞ 2462 ላይ፣ ቻናል 11 ላይ ይደርሳል። በማውስ የጎተተው ሰው ግን 2436 ነጥብ ምናምን ላይ ቆሞ ቻናል 6ን አገኘሁ ይላል።

እርግጥ ቁልፍ ስለበዛ ብቻ ሶፍትዌር ጥሩ አይሆንም። አንድ እጁ አንቴና ለያዘ ሰው ሁለት እጅ የሚጠይቅ ጥምር ትእዛዝ ከማውስ አይሻልም፤ ስለዚህ ማቆም፣ ማጉላትና ምልክት ማድረግ በአንድ ጣት የሚሠሩ መሆን አለባቸው። በአንጻሩ የተከማቸን ነገር የሚደመስስ ትእዛዝ በአንድ ጣት መሠራት የለበትም። ማክስ ሆልድ፣ ማለትም በየፍሪኩዌንሲው የታየውን ከፍተኛ ኃይል ይዞ የሚያቆየው መስመር፣ በአንድ ሰዓት ትዕግሥት የሚሰበሰብ ነው፤ እኔ አንድ ቀን ከጎኑ ያለውን ቁልፍ በስሕተት ነክቼ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አጥፍቻለሁ።

በጽሑፉ ያልተነሣውና እኛን ከሌላው ለይቶ የሚመለከተን ግን የአማርኛ መጻፊያው (የላቲኑን ቁልፍ ወደ ፊደላችን የሚለውጠው ፕሮግራም) ጉዳይ ነው። ለደንበኛ የሚሰጠውን ሪፖርት በአማርኛ እየጻፍን በመሐል ወደ መፈተሻው እንመለሳለን። መጻፊያው እንደተከፈተ ስለሚቆይ፣ ምልክት ለማድረግ የ«ኤም»ን ቁልፍ ስንነካ ለሶፍትዌሩ የሚደርሰው «ም» ነው፤ እርሱም «ም»ን ስለማያውቀው ዝም ይላል። ስሕተት መኖሩን እንኳ አይናገርም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰልጣኝ ሶፍትዌሩ የተበላሸ መስሎት ሁለት ጊዜ አጥፍቶ እንደገና ጭኖታል። የቀስት ቁልፎችና ከኮንትሮል ጋር የሚነኩት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይድናሉ፤ ከኤፍ 1 ጀምሮ ያሉት ቁልፎችም እንዲሁ፣ ምንም እንኳ በብዙ ላፕቶፖች ላይ እነሱን ሲነኩ ድምፅ ወይም ብርሃን የሚቀንሱ ቢሆኑም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ሁለት ነገር ማወቅ ይችላል፤ አንደኛው ምን ፊደል እንደተጻፈ፣ ሁለተኛው በኪቦርዱ ላይ የትኛው ቦታ እንደተነካ። ሶፍትዌሩ ትእዛዙን ከፊደሉ ጋር ሳይሆን ከቦታው ጋር ቢያስር የአማርኛው መጻፊያ አያውከውም። ይሁን እንጂ ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ድሬዳዋ ውስጥ ከጅቡቲ የመጣ የፈረንሳይኛ ኪቦርድ ያለው ላፕቶፕ የገጠመው ሰው ይመሰክራል። አንዱ የእኔ ነው። በእርሱ ላይ «ኤ» እና «ኪው» ቦታ ተለዋውጠዋል፣ «ኤም» ከ«ኤል» በስተቀኝ ተቀምጧል፣ ከላይ ባለው ረድፍ ቁጥር ለመጻፍም ሺፍትን መያዝ ግድ ነው፤ 2437 ለመጻፍ ሁለተኛ እጅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ የሚያዛልቀው ተጠቃሚው ቁልፎቹን ራሱ መቀየር እንዲችል ማድረግ ነው። ለድረ ገጾች በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው 2.1ኛው የተደራሽነት መመሪያም በአንድ ፊደል ብቻ የሚሠሩ አቋራጮች ሊጠፉ ወይም ሊቀየሩ፣ አለዚያም የሚመለከቱት ክፍል ሲመረጥ ብቻ የሚሠሩ ሊሆኑ ይገባል ይላል።

በከተማችን ኮምፒውተርና ኔትወርክ የሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎች ትምህርቱን ከነማውሱ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብቻ ባይጨርሱት፣ አንድ ቀን እንኳ ተማሪዎቹን ማውሱን አስቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንዲሠሩ ቢያደርጓቸው እወዳለሁ። የዓምዱን ጸሐፊ ደግሞ በሚቀጥለው ክፍል የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር የቁልፎች ዝርዝር እንዲያወጡልን፣ ከማውጣታቸውም በፊት የአማርኛ መጻፊያቸውን ከፍተው እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ ጊዜ እንዲነኩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የገመድ አልባ ኔትወርክ ባለሙያ
ከድሬዳዋ