ይድረስ ለከተማችን ስፖርት ቢሮ ኃላፊ፦ የመጨረሻዋ ሯጭ ሳትገባ መንገዱን አትክፈቱብን

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎት የአንድ አነስተኛ የሩጫ ክለብ አስተባባሪ ሆኜ ነው። በየዓመቱ በሚካሄደው የጎዳና ላይ ዱላ ቅብብል ቡድን እናሰልፋለን። ዘንድሮም መሮጥ እንፈልጋለን። ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ነገር እንዲስተካከልልን እለምንዎታለሁ፤ መንገዱ ለመኪና የሚከፈትበት ሰዓት።

ባለፈው ውድድር የሆነውን ልንገርዎት። አምስተኛው ሯጫችን የመጨረሻው መቀባበያ ቦታ ሲደርስ ዳኛ የሚባል አልነበረም። አጥሩ ተነስቷል፣ የውሃው ጠረጴዛ ታጥፏል፣ የቡድን ቁጥር በድምፅ ማጉያ ሲጠራ የነበረው ልጅም ሄዷል። ተቀባይዋ ብቻዋን ቆማ ነበር። አሟሙቃ፣ ጃኬቷን አውልቃ፣ ሰውነቷ መልሶ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃለች። ዱላውን ተቀብላ ስትነሳ መንገዱን መኪና ሞልቶታል። ከዚያ በኋላ የሮጠችው በእግረኛ መንገድ ነው፣ ቁጥሯ ደረቷ ላይ እንደተለጠፈ፣ ዱላዋን ጨብጣ፣ በሰው መሀል እየተሹለከለከች፣ ማቋረጫ ላይ ስትደርስ እየቆመች መኪና እያሳለፈች። አንድ ሹፌር ጥሩምባ ነፋባት። እንደምንም ገባች። መግቢያው ላይ ግን ሰዓት የሚይዝ ሰው አልነበረም፣ ውጤቱ ሲወጣ ቡድናችን «አልጨረሰም» ተብሎ ተጽፎ አየነው። ስድስት ሰው ተቀባብሎ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ!

ቀርፋፋ ከሆናችሁ ምን ይደረግ የሚል አይጠፋም። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው። ውድድሩ የማራቶን ርቀት ነው፣ 42.195 ኪሎ ሜትር ለስድስት ሰው ይከፈላል፤ 5፣ 10፣ 5፣ 10፣ 5 እና 7.195 ኪሎ ሜትር። ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ የሚሮጥ ቡድን በ2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይጨርሳል። በ6 ደቂቃ የሚሮጠው 4 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ይፈጅበታል። 6 ደቂቃ ደግሞ የሚያሳፍር ፍጥነት አይደለም፣ ከሥራ መልስ የሚለማመድ ብዙ ሰው የሚሮጠው እንደዚያ ነው። የመጀመሪያው መቀባበያ ላይ ልዩነታቸው 10 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እየተጠራቀመ ሄዶ ግን የዚያ ቡድን የመጨረሻ ሯጭ ዱላ የሚደርሰው ውድድሩ በተጀመረ በ3 ሰዓት ተኩሉ ነው። አንደኛ የወጣው ቡድን ከገባ 41 ደቂቃ አልፎታል ማለት ነው።

አሸናፊው ገብቷል፣ መንገድ ይከፈት ሲባል፣ ገና አንድ እርምጃ ያልሮጠ ሰው አለ። ያ ሰው ራሱ ፈጣን ሊሆን ይችላል። የአምስት ሰው ደቂቃ ተደማምሮ እሱ ላይ ወደቀ እንጂ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እኛ ክለብ ውስጥ የመጨረሻውን ተራ ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ለአዲስ ሯጭ ነው፣ ምክንያቱም ሌሎቻችን ቀድመን ሄደን መግቢያው ጋ እንጠብቃለን፣ ስትመጣ ስናያት አብረናት እየጮህን እንሮጣለን። ለጀማሪ ከዚያ የበለጠ ነገር የለም። እና ያንን ተራ ነው ለመኪና የሰጣችሁብን።

መንገድ መዝጋት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አምቡላንስ ማለፍ አለበት፣ ሰው ሥራ ይሄዳል፣ ትራፊክ ፖሊሶቹም ከማለዳ ጀምረው ቆመው ነው የሚውሉት። መንገዱን ቀኑን ሙሉ ዝጉልን አላልኩም። የምለው ቀርፋፋ ቡድኖችን አስቀድማችሁ አስነሱን ነው። ክለቦች ሲመዘገቡ የሚጠብቁትን ሰዓት ይጻፉ፣ በ6 ደቂቃ የሚሮጡት ከፈጣኖቹ 1 ሰዓት ቀድመው ይውጡ። የእኛ ውድድር ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ ስለሚያልቅ ለውጡ ትልቅ ነው። በአሁኑ አሠራር ሁሉም ቡድን በአግባቡ ይጨርስ ቢባል፣ የመጨረሻው 7 ኪሎ ሜትር ወደ 2 ሰዓት ገደማ መዘጋት አለበት። በሁለት ዙር ብንነሳ ግን ያው መንገድ 53 ደቂቃ ቢዘጋ ይበቃል። የሚፎካከሩት ቡድኖች አንድ ላይ ስለሚነሱ ፉክክሩ አይነካም፣ የእያንዳንዱን ሰዓት ደግሞ ሯጩ ላይ የሚታሰረው ሰዓት መዝጋቢ መሣሪያ (ቺፑ) ይይዘዋል። ለሹፌሩም ለፖሊሱም ይሻላል።

ይሄ ካልተቻለ የጃፓኖቹን መንገድ እንከተል። የጎዳና ዱላ ቅብብልን ኤኪደን ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ከኪዮቶ እስከ ቶኪዮ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀባብለው ከሮጡ ጀምሮ የሚወዱት ውድድር ነው። በዱላ ፋንታ ከትከሻ ወደ ወገብ የሚጠለቅ ታሱኪ የሚባል ጨርቅ ይቀባበላሉ። በትልቁ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ በሀኮኔ ኤኪደን፣ አንድ ቡድን ከመሪው ከተወሰነ ደቂቃ በላይ ከዘገየ ተቀባዩ ታሱኪውን ሳይጠብቅ እንዲነሳ ይደረጋል። መንገዱን ለረጅም ጊዜ መዝጋት ስለማይቻል ነው። ጓደኛው ጨርቁን ይዞ ሲመጣ ተቀባዩን አያገኘውም፣ ያማል። ግን ሕጉን ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ቡድኑም ሰዓቱ ተስተካክሎ ይያዝለታል እንጂ ከውድድር አይሰረዝም። እኛም ሰዓቱ አስቀድሞ ቢነገረን እንቀበላለን። ሳይነገረን መሀል መንገድ ላይ መኪና መልቀቅ ግን ሰው ያስገድላል።

መቀባበያ ቦታዎቹንም እባካችሁ በደንብ አስምሩልን። በዓለም አትሌቲክስ የአገር አቋራጭ ዱላ ቅብብል ሕግ መቀባበያው በ20 ሜትር ልዩነት በተሰመሩ ሁለት መስመሮች መሀል ነው። ሁለት መስመር ለማስመር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ዳኛውም የመጨረሻው ቡድን እስኪያልፍ ከቦታው አይነሳ።

ሰው ያንሰናል ካላችሁ እኛ አለን። የማይሮጡ አባሎቻችን ሰደርያ ለብሰው መቀባበያ ላይ ይቆማሉ፣ ሌሎች ክለቦችንም አነጋግራለሁ። የመነሻው ሰዓት በሁለት ዙር ይሁን አይሁን፣ መንገዱስ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ምዝገባው ሳይጀመር በማስታወቂያ ይውጣልን። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ላስረዳ ከተባልኩም ሂሳቡን በወረቀት ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክለቡ አስተባባሪ