ይድረስ ለሽሮ ፈሰስ

የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ከርመሻል? በዚህ ስም ስለጠራሁሽ አትቀየሚኝ፤ እመጣበታለሁ።

ጠፋሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ሥራ፣ ልጆች፣ ቤት ኪራይ ብዬ ልደረድርልሽ ነበር፣ ግን አንቺ አትሸወጂም። ይቅርታ። የቀረውን ስትመጪ ትሰድቢኛለሽ።

ትልቋ ልጄ ባለፈው ማክሰኞ የባንዲራ ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ክሊኒክ ስወስዳት ሄሞግሎቢኗ 9.8 ሆኖ ተገኘ። ከ12 በታች ደም ማነስ ነው አሉኝ፤ ሲስተሯ አንቺ ነሽ፣ ምን እነግርሻለሁ። ሐኪሟ ልታጽናናኝ ብላ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከአራቱ አንዷ ደም ማነስ እንደነበረባት ነገረችኝ። ይሄ ማጽናኛ ነው?

ከዚያ «ምሳ ምን ትበላለች?» አለችኝ። ኩራቴን ብታዪ! የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ጾም ካልሆነ እንቁላል፣ ሁሉንም በእጄ እቋጥርላታለሁ አልኩ። ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ማታ አወጣችው። ከጥቅምት ጀምሮ ምሳ ዕቃዋን ከፍታው አታውቅም። ለጥበቃው ነው የምትሰጠው። ሰውዬው ባገኘኝ ቁጥር ለምን እንደዚያ እንደሚመርቀኝ አሁን ገባኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አብረዋት የሚቀመጡት ልጆች ቺፕስ ወይም እርጥብ በለስላሳ ነው የሚበሉት። ሳይበሉ በፊት ለቲክቶክ ይቀርጹታል። አንድ ቀን እሷ ክዳኑን ስትከፍት አንዷ አፍንጫዋን ይዛ «ወጥ ወጥ ሸተተኝ» አለች። ሌላዋ ደግሞ እንጀራ ያወፍራል አለቻት። በቃ። የኔዋ የታክሲ ብሯን አጠራቅማ እርጥብ መግዛት ጀመረች፤ ብር ባጠራት ቀን ጾሟን ትውላለች፣ በእግሯም ትመጣለች።

ትምህርት ቤት ሄጄ ልጮህ ጫማዬን አድርጌ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሰባተኛ ክፍል ትዝ አለኝ። ምሳ ዕቃሽ ቦርሳሽ ውስጥ ፈሶ፣ የታሪክ ደብተርሽ በዘይት ወዝቶ፣ ገጾቹ ተጣብቀው በጥፍርሽ ስትለያዪ። ያን ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። ከኋላ ወንበር፣ ድምፄን ቀይሬ። ሳታውቂ የቀረሽ አይመስለኝም፣ ግን ነግሬሽ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ክዳኑን ግማሽ ከፍተሽ በእጅሽ ጋርደሽ ትበዪ ነበር። ቆይተሽ ጭራሽ ማምጣቱን ተውሽው። «አልራበኝም» ስትዪኝ «እሺ» ብዬ የራሴን እበላ ነበር።

ምን ልበልሽ እንግዲህ።

የአይረን ክኒን ታዞላታል። ሻይ ከምግቡ የሚገኘውን አይረን ሰውነቷ እንዳይወስድ ያደርጋል፣ እሷ ግን ከእራት ጋር መጠጣቷን አልተወችም። እኔ ስነግራት ንዝንዝ ነው፤ አንቺ ብትነግሪያት ትሰማለች። ቅዳሜ ነይልኝ፣ ስለ ምሳ ዕቃውም አዋሪያት።

ትናንት እንድትስቅ ብዬ የደብተርሽን ታሪክ ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ «ስሙን ማን አወጣላት?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ፣ ክፍሉ ነው መሰለኝ» አልኳት።

ስትመጪ አንቺ ንገሪያት። ወይ ተይው፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። አንቺ ብቻ አጠገቤ ተቀመጪ። ታክሲው ያው የድሮው ቦታ ነው የሚያወርድሽ፤ ስትወርጂ ደውይልኝ፣ እቀበልሻለሁ።