ስኳሬን የምለካው ለሐኪሜ ብዬ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ስለ ሕመሙ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ይህን አትብሉ፣ ያንን አትጠጡ» የሚል ስለሆነ፣ እኔን የለወጠኝን ነገር ላካፍል ብዬ ነው የጻፍሁት።

ለዓመታት ስኳሬን የምለካው ቀጠሮዬ ሲቃረብ ብቻ ነበር፤ ሐኪሜ እንዳይቆጣኝ። ለካ የማታልለው ራሴን ኖሯል። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት አማካይ የደም ስኳር ስለሚያሳይ፣ የአንድ ሳምንት ጥንቃቄ አይሸፍነውም። ውጤቱን ያየሁ ዕለት በጣም ደነገጥሁ። ከዚያ ወዲህ ከምግብ በፊትና ከበላሁ ከ2 ሰዓት በኋላ እየለካሁ በደብተር እጽፋለሁ። የትኛው ምግብ ስኳሬን ሽቅብ እንደሚያወጣው፣ ከእራት በኋላ ትንሽ በእግር መሄድ ምን ያህል እንደሚያወርደው ያስተማረኝ ይህ ደብተር ነው። ሐኪሜም መድኃኒቴን የሚያስተካክልልኝ እሱን አብረን ገልጠን፣ ተመካክረን ነው።

የእግርን ነገር ግን አደራ! በስኳር ሕመም ሳቢያ ነርቭ ሲጎዳ ቁስል ላያም ይችላል። ስለዚህ ማታ ማታ የውስጥ እግሬንና የጣቶቼን መሐል በመስታወት አያለሁ። ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲወርድ ደግሞ 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት እንደሚያስፈልግ የቤት ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

እባክዎ፣ የላቦራቶሪ ውጤት እንዴት እንደሚነበብ በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ ጽሑፍ ያውጡልን። ብዙዎቻችን ወረቀቱን አጥፈን ኪሳችን ከትተን ነው የምንወጣው።

አክባሪዎ፣
አንድ አንባቢ