ማሽኑስ ተገዛ፣ አለካኩን ማን ይንገረን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ላይ በየቤቱ አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይኑር ብላችሁ ጽፋችኋል። እስማማለሁ። ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ስለሆንኩ ሰው ቤቱ ቢለካ ደስ ይለኛል። ግን ጽሑፉ «ግዙ» ብሎ አለቀ፣ ስለ አለካኩ አንድ መስመር እንኳን የለውም።

ሰው ማሽኑን ማግኘት ብዙም አላቃተውም። ወይ ልጅ ከአሜሪካ ትልካለች፣ ወይ ከፋርማሲ ይገዛል። ከዚያ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀርብ «እስቲ ያንን ማሽን አምጪው» ይባላል። እትዬ እገሊት በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ ክንዳቸውን ከነሹራባቸው ይዘረጋሉ፣ ማሽኑ እየነፋ እሳቸው የውሃ መጥፋቱን ጉዳይ ያወራሉ፣ 158 በ96 ሲል ጉድ ፈላ! በማግስቱ እኛ ጋ እየተጣደፉ ይመጣሉ። አረፍ ብለው ሲለኩ 128 በ80። ማሽኑም ቀሽም ነው ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይወረወራል።

ማሽኑ ምን አጠፋ? ቡና ለጊዜው ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ወሬም ያደርጋል፣ የወጠረ ሽንት፣ የተጣመረ እግር፣ ያልተደገፈ ጀርባ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ክንድ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ይጨምራሉ።

እንግዲህ አለካኩ ይኼ ነው። ከቡና፣ ከሲጋራና ከጉልበት ሥራ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፍ። ሽንት ቤት ደርሳችሁ ኑ። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ፣ እግራችሁ መሬት ረግጦ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ (ዝም ማለት ስልክም አለማውራት ነው)። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ በልብ ልክ አሳርፉ። ካፉ፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ፣ በባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን መታጠፊያ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር። ሁለት ጣት ካስገባ ልክ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱንም ክንድ ለክታችሁ ከፍ ያለ ቁጥር የሚያሳየውን ያዙ፣ ከዚያ በኋላ ሁሌም እሱን።

ካፉን ካነሳሁ አይቀር ሻጮቹ ላይ ቅሬታ አለኝ። ጫማ ስንገዛ እንኳ ቁጥርሽ ስንት ነው እንባላለን። እዚህ ግን ካርቶኑ ተከፍሎበት ይወጣል፣ ክንዳችንን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ካፍ የክንድ ዙሪያው ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ነው። ወፈር ያለ ክንድ ላይ ሲጠብ ቁጥሩን አለቅጥ ያስወጣዋል፣ በጣም ቀጭን ክንድ ላይ ሲሰፋ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። እና ሰው በካፍ ጥበት ብቻ መድኃኒት ሊጨመርለት ነው ማለት ነው! ልኩ ካፉ ላይ ተጽፏል። በልብስ ሰፊ ሜትር የላይኛውን ክንዳችሁን መሐሉ ላይ ለኩና አመሳክሩ። ከውጭ የምትልኩልን ልጆችም ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ የእናታችሁን ክንድ አስለኩ። የእጅ አንጓ ላይ የምትታሰረዋ ትንሿ ማሽን ለአያያዝ ብትመችም እጅ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ቁጥሯ ስለሚዛባ የክንዱን ምረጡ። አዲስ ማሽን ስታገኙ ደግሞ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ኑ፣ ከእኛው ጋር እናስተያየዋለን።

አንድ ቀን የወጣ አንድ ቁጥር ብዙ አይናገርም። ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ለኩ፣ በየጊዜው 1 ደቂቃ አሳርፋችሁ ሁለት ሁለቴ፣ የጠዋቱን ከቁርስና ከክኒን በፊት። የመጀመሪያውን ቀን ተዉት፣ የቀረውን አማካይ አውጡ። ቤት የተለካው አማካይ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። ሁሉንም ጻፉት! አንዳንዱ ያማረውን ቁጥር ብቻ መርጦ ያመጣልናል፣ እኛን ደስ ሊያሰኝ መሰለኝ። የማሽኑ ማስታወሻ ይበቃል እንዳትሉ፣ ባልና ሚስት ሲጋሩት የማን ቁጥር የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ይኼ ወረቀት ለእኛ ወርቅ ነው። ነጭ ጋወን ሲያይ ግፊቱ የሚወጣ ሰው አለ፣ እኛ ጋ ደህና ሆኖ ቤቱ ሲገባ የሚጨምርበትም አለ። ሁለተኛው ያሰጋኛል፣ ማንም አይጠረጥረውማ። ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለኝም የሚለው ወሬም ስንቱን አዘናግቷል፣ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም።

ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ ክኒን አታቁሙ፣ የወረደው እኮ በክኒኑ ነው። ወጣ ብላችሁም አትደርቡ፣ ከጎረቤትም አትዋሱ። ነጭ ሽንኩርት ብሉ፣ ማን ይጠላል፣ ክኒኑን ግን አይተካም።

180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካያችሁ ጥቂት ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት፣ ካልወረደ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአፍ መተሳሰር ወይም የዓይን መጋረድ ካለ ግን ድገሙት አልልም፣ ቶሎ ሆስፒታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ 140 በ90 ራሱ ለነገ አይባልም።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም ተቆርጦ የሚለጠፍ ባዶ ሠንጠረዥ አውጡልን፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የላይኛው፣ የታችኛው፣ የልብ ምት። ለ7 ቀን የሚበቃ ይሁን። መስመሩ ሰፋ፣ ፊደሉ ተለቅ ይበል፣ ሞልተው የሚያመጡልን አብዛኞቹ ዓይናቸው የደከመ እናቶችና አባቶች ናቸው።

አንዲት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ